«በምን አረጋገጥሽ?» ሲሉሽ

አንዲት የአምስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ እንዲህ ጠይቃለች፦ «የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነፍሴ ነው። ኮንስታንት ታይም የሆነ (ሚስጥራዊው ዳታ ምንም ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ የማይለዋወጥ) የቢት ኮድ ጽፌ ጊትሀብ ላይ ጫንኩ። ሲቪዬ ላይም ‹በማንኛውም ማሽን ይሠራል› ብያለሁ። ኢንተርቪው ላይ ‹በምን አረጋገጥሽ?› ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። ትቼው ዌብ ልማር?»

አትተዪው እህቴ። ጠያቂው ግን ልክ ነው።

የምስጠራ ባለሙያው ፖል ኮቸር በ1996 ስሌቱ የሚፈጀው ጊዜ ብቻውን ሚስጥራዊ ቁልፍ ሊያሳብቅ እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ ሚስጥር ላይ «ኢፍ» (ሁኔታን አይቶ መንገድ መምረጥ) የለም፤ ከሁለት ቁጥር አንዱን የምትመርጪው በማስክ፣ ማለትም ሁሉም ቢቱ ዜሮ ወይም ሁሉም ቢቱ አንድ በሆነ ቁጥር ነው። ይህን አሳምረሽ ሠርተሻል።

ጊትሀብ ላይ የጫንሽው ኮድ ግን ማስኩን የሚያወጣው ኔጌቲቭ «ኢንት» (የሲ መደበኛ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) 31 ቢት ወደ ቀኝ በመግፋት ነው። ውጤቱን የሲ ስታንዳርድ ለኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚቀይረው ፕሮግራም፣ ትቶታል። ባለ 32 ቢት አንሳይንድ (ኔጌቲቭ የማይይዝ ዓይነት) ተጠቀሚ፤ ከዜሮ አንድ ሲቀነስ የትም ቦታ ሁሉም ቢት አንድ ይሆናል። ባለ 8 እና ባለ 16 ቢቶቹ ደግሞ ስሌት ውስጥ ሲገቡ ሳይነግሩሽ ኔጌቲቭ ሊሆን ወደሚችለው «ኢንት» ይቀየራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ከባዱ ገና ነው። ስታንዳርዱ ስለ ጊዜ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ኮምፓይለሩ ማስክሽ ሁለት ዋጋ ብቻ እንዳለው ከደረሰበት፣ ልርዳሽ ብሎ ወደ «ኢፍ» ሊመልሰው ይችላል። በ2024 ካይበር በተባለው የምስጠራ ዘዴ ሪፈረንስ (ማጣቀሻ) ኮድ ላይ የታየው ይኸው ነው። ሶርሱ ላይ ያልነበረ «ኢፍ»፣ ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር በአንዳንድ የኦፕቲማይዜሽን (ኮድ የማሻሻያ) ደረጃ ኮምፓይል ሲያደርገው ብቅ አለ።

ስለዚህ ሌላ ላይብረሪ አትጻፊ። ያንኑ አንድ ፈንክሽን በጂሲሲና በክላንግ ኮምፓይለሮች፣ በኦፕቲማይዜሽን ደረጃዎቹ በኦ1፣ በኦ2፣ በኦ3 እና በኦኤስ፣ ለኢንቴልም ለኤአርኤምም ፕሮሰሰር ኮምፓይል አድርጊው። አሴምብሊውን (ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትዕዛዝ) አንብቢ፤ ሚስጥሩን አይቶ የሚዘል ትዕዛዝ ካለ መዝግቢ። ቀጥሎ ቫልግራይንድ፣ የሜሞሪ ስህተት የሚፈትሸው መሣሪያ። ሚስጥሩን ዋጋ እንዳልተሰጠው ሜሞሪ አድርገሽ ምልክት አድርጊበት፤ ኮድሽ በእሱ ላይ ተመሥርቶ መንገድ ሲመርጥ ይጮህልሻል። ውጤቱን ከነጉድለቱ ሪድሚ (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጪ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከኮዱ በፊት የማየው እሱን ነው። ሲቪሽ ላይም «በማንኛውም ማሽን» የሚለውን አጥፍተሽ የፈተሽሻቸውን ኮምፓይለሮች ከነቨርዥናቸው ጻፊ።

ዌብ ብትማሪም አልቃወምም፤ የቤት ኪራይ ኮንስታንት አይደለም። የሲውን ሥራ ስትፈልጊ ግን «ኤምቤድድ» (ዕቃ ውስጥ ለሚገቡ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ኮድ መጻፍ)፣ የክፍያ ማሽን ፊርምዌር (ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጥ ሶፍትዌር)፣ የሴኩሪቲ ኮድ ፍተሻ የሚሉትን ተመልከቺ። እግረ መንገድሽን ሰው የሚጠቀምበት ፕሮጀክት ላይ እንዲህ ያለ ችግር ካገኘሽ፣ አደባባይ ከመለጠፍሽ በፊት ለባለቤቶቹ በግል ላኪላቸው።