ተርሞስታቱን አውጥታችሁ ከመጣላችሁ በፊት

ሰሞኑን የድሮ መኪና ይዛችሁ የምትመጡ ወጣቶች በዝታችኋል። የአያት ቮልስ፣ የአባት ላዳ፣ ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎበት የተገኘ ኮሮላ። ደስ ይለኛል። ግን ኮፈኑን ስከፍት ብዙ ጊዜ ተርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ፣ የለም። የት ሄደ ስላችሁ «መካኒኩ አገራችን ሞቃት ስለሆነች አያስፈልግም ብሎ አወጣው» ትሉኛላችሁ። አዲስ አበባ ናት ሞቃቷ? እስቲ ሐምሌ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡና ንገሩኝ።

ተርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ቤንዚን ይጠጣል፤ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት ሳይተን ይቀርና ዝቃጭ ይሆናል፤ ሲሊንደሩም ያለጊዜው ይበላል። ላዳ ላይማ ጣጣው ይብሳል። የላዳው ሦስት አፍ አለው፤ አንዱ አፍ ውሃውን ራዲያተር ሳያደርስ መልሶ ወደ ሞተር የሚያዞር ነው። ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ ባዶውን ብትገጥሙት ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። እንዳታፈላ ብላችሁ ያደረጋችሁት ራሱ ያፈላታል። (ቮልስ ያላችሁ አትሳቁ። በአየር የሚቀዘቅዘው የናንተም ሞተር ተርሞስታት አለው፤ ከሥር ተደብቆ ነው።)

እኔም ስጀምር ሞኝ ነበርኩ። ውሃ አፈላለሁ፣ ተርሞስታቱን እከታለሁ፣ ገርበብ ብሎ ከቀረ «ሞቷል» ብዬ እወረውራለሁ። ስንቱን ጣልኩ መሰላችሁ! አንድ ጊዜ ለሥራ ድሬዳዋ ወርጄ፣ 82 የሚል የተጻፈበት አንድ «የሞተ» ከመፍቻዎቼ ሥር ተረስቶ አገኘሁና ለጨዋታ ያህል ድስት ውስጥ ጨመርኩት። ወለል ብሎ ተከፈተ! ዕቃው ያው ነው፤ የተለየው ውሃው ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ግድም ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እሳቱን ምንም ብታጋግሙት ከዚያ አይዘልም። ድሬዳዋ ላይ ግን 96 ይደርሳል። 82 ማለት ደግሞ መከፈት የሚጀምርበት ነው፤ ጨርሶ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። 88 የተጻፈበትንማ አዲስ አበባ ላይ ብትቀቅሉት ስንጥቅ ያህል ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ራዲያተር ውስጥ ይሄ ችግር የለም፤ ክዳኑ ደህና ከሆነ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው 100 አልፎም ሳይፈላ ይቆያል።

ስለዚህ የምትፈልጉት የት እንደሚጀምር ነው። የሚከፈት የሚዘጋውን የተርሞስታቱን አፍ ክር አስነክሱና በክሩ አንጠልጥሉት። የድስቱን ታች አይንካ፤ ቴርሞሜትሩም አይንካ። ውሃውን በዝግታ አሙቁት። ተርሞስታቱ ከክሩ ተላቆ ዱብ ሲል ያነበባችሁት ቁጥር መክፈቻው ነው። ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢዛነፍ አትጨነቁ። የ82ቱ 70 ላይ ከወደቀ፣ ወይም ውሃው እየተንፈቀፈቀ ክሩን ካልለቀቀ፣ ያኔ ጣሉት።

ከዚያ እሳቱን አጥፉና ሲዘጋ እዩት። ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት ይሄን ነው። ቀዝቅዞም የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ቆሻሻ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ እንደገና ድስት። ሶማሌ ተራ ስትገዙም ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃው ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ፤ አዲሱንም ቢሆን ሳትፈትኑ አትግጠሙ።

ስትገጥሙ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይሁን። ትንሿ ቀዳዳ አየር ማውጫ ስለሆነች ወደ ላይ ትዙር። ቀዳዳ ከሌለው እኔ ጠርዙ ላይ 3 ሚሊሜትር እበሳለሁ። ሞተሩ ትንሽ ዘግይቶ ይሞቃል፤ አየር ታምቆ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ከሚያጣምም ይሻላል።

ከዚያ አስነሡና የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ያዙ። ላዳ ከሆነች የታችኛውን። ለተወሰነ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፣ ቆይቶ በአንዴ ይሞቃል። ሲሞቅ እጃችሁን ቶሎ አንሡ፤ ፋኑ እዚያው አጠገባችሁ ነው።