የአልጂኔት መሸፈኛ ሲነሣ የሚታየው ዝልግልግ ነገር መግል ነውን?

ውድ ጠያቂያችን፣ የስኳር ሕመም ባለባቸው እናትዎ እግር ላይ ያለው ቁስል ጀርም የሚገድል የብር ማዕድን በያዘ የአልጂኔት መሸፈኛ ከታሰረ በኋላ፣ ሲከፈት ቢጫ ዝልግልግ ነገር ማየትዎ እንዳስደነገጠዎትና መሸፈኛው በየቀኑ መቀየር ይኖርበት እንደሆነ ጠይቀዋል። በነርስነት ቁስል ሳክም ይህን ድንጋጤ በብዙ ቤተሰቦች ላይ አይቻለሁ፤ በሥራዬ መጀመሪያ እኔም መግል መስሎኝ ሐኪም የጠራሁበት ጊዜ ነበር።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኝ ተፈጥሯዊ ፖሊመር (ከረጃጅም ሰንሰለቶች የተሠራ ንጥረ ነገር) ነው። ደረቅ ሳለ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል፤ ቁስሉ ላይ ሲያርፍ ግን በውስጡ ያለው ካልሲየም በቁስሉ ፈሳሽ ውስጥ ካለው ሶዲየም ጋር ቦታ ስለሚለዋወጥ፣ ክሩ ፈሳሹን እየመጠጠ ወደ ጄልነት ይለወጣል። ያዩት ዝልግልግ ነገርም መግል ሳይሆን ይኸው ጄል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቁስሉን ከማጠብዎ በፊት በመልኩ ብቻ አይፍረዱ። በሳላይን (ለቁስል ማጠቢያ በተዘጋጀ ንጹሕ የጨው ውኃ) በደንብ ካጠቡት በኋላም መጥፎ ሽታው ካልጠፋ፣ ዙሪያው ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ካበጠ፣ ወይም እናትዎን ካተኮሳቸው፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። የስኳር ሕመም የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ «አላመመኝም» ማለታቸው ዋስትና አይሆንም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ብሩ የሚለቀቀው እርጥበት ሲያገኝ ነው። አንቲባዮቲክ በተጨመረባቸው ሌሎች ጄሎች ደግሞ መድኃኒቱ ጄሉ ሲያብጥ በሚሰፉት ቀዳዳዎች በኩል ይሰርጋል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በርከት ብሎ ወጥቶ ቀሪው ቀስ እያለ ይከተላል። የመቀየሪያውን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው የፈሳሹ መጠን ነው፦ መሸፈኛው ሞልቶ ወደ ጠርዙ ከወጣ ጤነኛው ቆዳ እንዳይርስ ቶሎ ይቀየራል፤ ካልሞላ ግን ያከመቻቸው ነርስ የነገረቻችሁን ቀን ጠብቁ፤ ያለ ምክንያት መክፈት ቁስሉን ያቀዘቅዘዋል፣ አዲሱንም ሥጋ ይነካካዋል። ቁስሉ እርጥበቱን ጠብቆ መሸፈኑ ራሱ ሕክምና ነው፤ ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት የተሸፈነው ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ አልብሶ ነበር። መሸፈኛው ደርቆ ከተጣበቀ ግን በኃይል አይሳቡት፤ በሳላይን አርሰው ያላቁትና ቁስሉ መድረቁን ለነርሷ ይንገሩ፤ ለደረቅ ቁስል የሚስማማው ራሱ ውኃ የያዘ ሃይድሮጄል ነውና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርስዎ ያልጠየቁት ነገር ነው። ቁስሉ ከእግራቸው ሥር ከሆነና እናትዎ እየረገጡበት ከሆነ የትኛውም ጄል አያድነውም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጫናውን የሚያነሣ ጫማ ወይም ድጋፍ እንዲታዘዝላቸው፣ ወደ እግራቸው የሚደርሰው ደምም እንዲመረመር አጥብቀው ይጠይቁ።