ዲስኩ በምን መጣ? ለጅማ ወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪዎችም ሆነ ሂርማታ አካባቢ ጥገና ላይ ከተሰማራችሁት ጋር ስንጨዋወት ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፤ «ተነቃይ ከሆነ ዩኤስቢ ነው፣ ካልሆነ የውስጥ ነው» ትላላችሁ። እባካችሁ ይቺን ነገር ተዉልኝ።

«ተነቃይ» የምትባለው ምልክት ዲስኩ ማንነቱን ሲጠየቅ ከሚሰጠው መልስ ውስጥ አንዲት ቢት፣ ማለትም አዎ ወይም አይደለም የምትል ምልክት ናት። ስለ ገመዱ የምትለው የለም። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ «ተነቃይ ነኝ» ይላል፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን በዩኤስቢ ተሰክቶም «ቋሚ ነኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። እንግዲህ በዚያች ቢት ተማምኖ «የውስጥ ዲስኮችን ፎርማት አድርግ» የሚል ፕሮግራም የጻፈ ልጅ፣ የደንበኛው የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን ኤክስተርናልም አብሮ ይጠርገዋል።

ዊንዶውስ ላይ መጠየቅ ያለበት የባስ ዓይነት፣ ማለትም ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘበት መንገድ ነው። ፕሮግራማችሁ ስለ ዲስኩ ባሕርይ ሲጠይቅ ድራይቨሩ (ዲስኩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ከሚመልሰው መግለጫ ውስጥ ለዚሁ የተመደበ ቁጥር አለ፤ 7 ዩኤስቢ፣ 11 ሳታ (የተለመደው የውስጥ ዲስክ ማገናኛ)፣ 17 ኤንቪኤምኢ (የፈጣን ዲስኮች ማገናኛ ዘዴ) ነው። ኮድ መጻፍ የሰለቸው የዊንዶውስን ትእዛዝ መስጫ ፓወርሼልን ከፍቶም ሊያየው ይችላል።

ሊኑክስ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ስሙ ነው። የሳታውም የዩኤስቢውም ዲስክ በስካዚ ንብርብር (ሊኑክስ ዲስኮችን በጋራ በሚያስተናግድበት ክፍል) በኩል ስለሚያልፉ ሁለቱም «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» እየተባሉ ይወጣሉ። ስሙን ትታችሁ መንገዱን ተከተሉ። «ሲስ» ከሚለው ማውጫ ሥር «ብሎክ» ውስጥ ግቡና የዲስኩ ሊንክ የት እንደሚያደርስ አንብቡት። ከፒሲአይ (ከማዘርቦርዱ ዋና መስመር) ተነስቶ «አታ1»፣ «ሆስት0» እያለ ከወረደ ሳታ ወይም የድሮው አይዲኢ ነው፤ «ዩኤስቢ1»፣ ቀጥሎ «1-2» ካለ ደግሞ የተሰካበትን ወደብ ሳይቀር ነግሯችኋል። ኤንቪኤምኢ በገዛ ስሙ ስለሚወጣ አያስቸግርም።

መንገዱም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ከቦንጋ ተነስቶ መኪና እየቀያየረ ጅማ መናኸሪያ የወረደን ሰው ያየ፣ የሚያውቀው የመጨረሻዋን መኪና ብቻ ነው። በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ያለ የላፕቶፕ ዲስክም እንደዚያው ነው፤ ራሱ ሳታ ነው፣ ኬዙ ውስጥ ያለችው ቺፕ ወደ ዩኤስቢ ትተረጉመዋለች፣ ድራይቨሩም «ዩኤስቢ» ይላል። ዲስኩ በሴኮንድ 6 ጊጋቢት ቢችልም ከዩኤስቢ 2 ወደብ ላይ ከተሰካ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም። «ዘገየ» ተብሎ የመጣላችሁን ዲስክ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ወደቡን ቀይሩለት። (ቀጭኗን ኤም ነጥብ 2 ዲስክ ሁሉ ኤንቪኤምኢ እያላችሁ የምትሸጡም አላችሁ። ቅርጿ አንድ ይሁን እንጂ ሳታ የሆነችም አለች፤ ሰው አታሳስቱ።)

ከሁሉም ይበልጥ የሚያደናግረው የሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ የማሠራት ዘዴ) ነገር ነው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) ላይ የኢንቴል ሬይድ ሁነታ በርቶ ከሆነ፣ ኤንቪኤምኢ የሆነው ዲስክ በዊንዶውስ ቁጥር 8፣ ማለትም ሬይድ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በመካከል የቆመው የኢንቴል ድራይቨር ነውና የሚመልሰው እሱ ነው። ያ ድራይቨር የሌለው የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። እንዲህ ሲገጥማችሁ «ዲስክህ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አትበሉ። ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ መጫኛው ዲስክ ምረጥ ሲል «ድራይቨር ጫን» የምትለውን ነክታችሁ ከፍላሹ ስጡትና ዝርዝሩን እንደገና እዩ።