ስለ ጥቃቅን የፍራፍሬ ዝንቦች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከጅማው ሂርማታ ገበያ ገዝቼ ባስቀመጥኩት ሙዝ ላይ የሚያንዣብቡት ቀይ ዓይን ያላቸው ደቃቅ ዝንቦች፣ የጓሮ ማንጎዬን ከሚያበላሹት ጋር አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ማንጎዎን የምታበላሸው ጤነኛውን ፍሬ ወግታ እንቁላሏን ከውስጡ የምትጥለው ትልቋ ዝንብ ናት፤ ከዚህ ወገን የሆነችው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ከታየች በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተዛምታለች። ሙዝዎ ላይ ያለችው ድሮሶፊላ ግን ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚስባት በሚበሰብስ ፍሬ ላይ የሚበቅለው እርሾ ነው፤ ጠላ ባለበት የማትጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ያለ ቤተ ሙከራ ለተማሪዎቼ ላረባቸው እችላለሁ?

መልስ፦ በሚገባ ይችላሉ፤ ተማሪ የዘር ውርስን በዓይኑ እንዲያይ ከዚህች ዝንብ የተሻለ መምህር አላውቅም። የዘር ውርስ ተመራማሪው ቶማስ ሃንት ሞርጋን ከቀይ ዓይናዎቹ መካከል ነጭ ዓይን ያለውን ወንድ ዝንብ እ.ኤ.አ. በ1910 ያገኘው በወተት ጠርሙሶች ውስጥ ሲያረባ ነበር። በፈላ ውሃ የታጠበ ብልቃጥ ውስጥ የተፈጨ ሙዝ ያድርጉ፣ ጥቂት የዳቦ እርሾ ነስንሰው የታጠፈ ወረቀት ያቁሙበትና አፉን በጥጥ ይድፈኑ። ሙዙ ከቀጠነ ዝንቦቹ ይሰምጣሉ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ 10 ቀን ያህል ሲፈጅ፣ በ18 ዲግሪ ግን ጊዜው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ በጅማ ቀዝቃዛ ሌሊት ከ10 ቀን በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። እጮቹ ጠግበው የብልቃጡን ግድግዳ ሲወጡና ፑፓ (በቅርፊት ውስጥ ሆነው ወደ ዝንብ የሚለወጡበት ደረጃ) ሲሆኑ ተማሪዎችዎ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ዝንቧ ልትወጣ ስትቃረብ ቀይ ዓይኗና ጥቁር የታጠፈ ክንፏ በቅርፊቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። ትውልዱ እንዳይቀላቀል ወላጆቹን ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ያውጡ፤ ለማዳቀል የሚፈልጓቸውን ሴቶች ደግሞ ቀድመው እንዳይዳቀሉ ከፑፓው ከወጡ በ8 ሰዓት ውስጥ ከወንዶቹ ይለዩ።

ጥያቄ፦ የያዝኩት ዝርያ የትኛው እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጀርባዋን ይመልከቱ፤ ከራሷ ተነሥተው በጀርባዋ የሚወርዱ ነጫጭ መስመሮች ካሉ ዛፕሪዮነስ የምትባል ሌላ ደቃቅ ዝንብ ናት እንጂ ሜላኖጋስተር (ሞርጋን ያረባት የድሮሶፊላ ዝርያ) አይደለችም። ቀጥሎ ወንዱን ይፈልጉ፤ የሆዱ ጫፍ ጥቁርና ድቡልቡል ሲሆን በፊት እግሮቹ ላይ ደግሞ ማበጠሪያ የሚመስል ጥቁር የፀጉር ረድፍ አለው። ሜላኖጋስተርን ከቅርብ ዘመዷ ከሲሙላንስ መለየት ግን በሴቶቹ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የሚያረጋግጠው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ስለሆነ፣ ሴቷን ብቻ አይቶ ስም የሚሰጥ ሰው መቸኮሉን ይወቅ።

ጥያቄ፦ ብልቃጡ ውስጥ ሻጋታ ቢወጣስ?

መልስ፦ ዝንቦቹን ወዲያውኑ ወደ አዲስ ብልቃጥ ያዛውሩ፤ አሮጌውን ብልቃጥ ግን መማሪያ ክፍል ውስጥ አይክፈቱት፤ ወደ ውጭ አውጥተው በፈላ ውሃ ያጽዱት።