የብየዳ ቤት ጉዳቶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቀን ስበይድ እውልና ሌሊት ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ወተት ጠብ አድርግበት ይሉኛል፤ ይጠቅማል?

መልስ፦ ወተትም ድንችም ዓይንህ ውስጥ አታስገባ፤ ቁስል ላይ ጀርም መጨመር ነው። የብየዳው ጨረር የዓይንህን የፊት ሽፋን አቃጥሎታል። በጊዜው አይሰማም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ ነው የሚነሣው። አትሸው። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረህ በተጨፈነው ዓይንህ ላይ አድርግና ጨለም ባለ ክፍል ዕረፍ። ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሽራል። እይታህ ከደበዘዘ ወይም የብረት ፍንጣሪ ገብቶ ከሆነ ግን ሳታድር የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ደጋግመህ አታድርግ፤ ሕመሙን ሸፍኖ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

ለ2.5 እና ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) የማስክህ መስታወት የጥቁረት ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። ብዙ ሰው የሚጎዳው ብረቱን ለማያያዝ አንድ ሁለት ነጥብ ሲበይድ፣ «ለአፍታ ነው» ብሎ ማስኩን ሳያወርድ ነው። ብረት የሚይዘው ረዳትም ማስክ ያስፈልገዋል፤ የፀሐይ መነጽር አያድነውም።

ጥያቄ፦ መነጽርና ጓንት በራስህ ግዛ ተብያለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሿ ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ መከለያዋን ፈትቼ የ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሳስር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ቶሎ ትቆርጥልኛለች። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባክህ ዲስኩን ዛሬውኑ ፍታው። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ከፍተኛው በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው። ትንሿ ግራይንደር 11,000 ትዞራለች። ሲሰላ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 130 ሜትር ይበርራል፤ የተሠራው ግን ለ80 ነው። ሲሰበር ስብርባሪው ፊትና አንገት ላይ ያርፋል፤ የሚያስቆመውን መከለያ ደግሞ ፈትተኸዋል።

ልኩ የሆነ ዲስክም ይሰበራል። ቀጭኑን መቁረጫ በጎኑ አትሞርድበት። አዲስ ስታስር ከሰው አዙረህ 30 ሰከንድ ባዶውን አስነሣው። ቱቦላሬውን ሁለቱን ጫፍ ብቻ ደግፈህ መሐሉን ስትቆርጥ ብረቱ ወደ ታች ይጎብጥና ዲስኩን ይነክሰዋል፤ ግራይንደሩ ወደ አንተ የሚዘልለው ያኔ ነው። ስለዚህ የሚቆረጠውን ጫፍ ከድጋፉ ውጭ አድርገው።

ጥያቄ፦ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ በበየድኩ ማታ ያንቀጠቅጠኛል፣ ያተኩሰኛል። የወባ ምርመራዬ ነጻ ነው።

መልስ፦ የዚንክ ጭስ ትኩሳት ይመስላል። ከወባ ጋር ይምታታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ይለቃል። ትንፋሽ ካጠረህ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ምን እንደበየድክም ንገራቸው። ወተት ጠጣ ቢሉህም፣ ወተት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። የዚንኩን ልባስ ከመበየጃው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሞርደህ አንሣ፤ ስትሞርድም የአቧራ መከላከያ አድርግ። ደጅ በይድ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊትህ ወደ ጎን እንዲወስደው ቁም።

ጥያቄ፦ ባዶ የናፍጣ በርሜል መቁረጥ ይቻላል?

መልስ፦ ባዶው ከሞላው ይብሳል፤ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። አንድ ጊዜ ማጠብ አይበቃም፤ በስፌቱ ውስጥ የተደበቀው ናፍጣ ሲሞቅ እንደገና ይተናል። በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ደጋግመህ እጠበው፣ ክዳኖቹን ሁሉ ክፈት፣ ከምትቆርጥበት መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ እስኪደርስ ውኃ ሙላው። የቤንዚን ከሆነ ጭራሽ እሳት አታስጠጋው።