ልካችሁን ለክታችሁ እወቁ

ልጆቼ፣ የአማርኛ ፊደል የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ይህን ደብዳቤ እናቶቻችሁ ያንብቡላችሁ። እነሱንም የሚመለከት ነገር አለበት።

እኔ የቴኒስ ራኬት ክር ወጣሪ ነኝ። በ1984 በሱዳን በኩል እስራኤል ስገባ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ የቴኒስ ማዕከል ሜዳ ለመጥረግ ነበር። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ እንደቆምኩ፣ ክር ወጣሪው 16 ክር በቁመት ዘርግቶ 19 በአግድም ያሳልፍበት ጀመር፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። አባቴ በጎንደር ገጠር ሸማኔ ነበር። ድርና ማግ መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ሥራውን ልማር ብዬ ብጠይቅ የዚያን ጊዜው አለቃዬ በዕብራይስጥ መለሰልኝ፤ ፍቺው ግን አባቴ ዘወትር ከሚለኝ አልራቀም፦ «ልክህን እወቅ።»

ይህች ቃል ከእናንተም ብዙዎቹን አቁስላለች፤ በትምህርት ቤትም፣ በሥራ ቦታም፣ አንዳንዴም በገዛ ቤታችሁ። እኔም ለዓመታት ስድብ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ሌላ ፍቺ እንዳላት ያስተማረኝ ክር መወጠሪያው ማሽን ነው፤ ምክንያቱም ሥራው በኋላ ደረሰኝ፣ ጠያቂ አይታክት። ማሽኑ የክሩን ውጥረት በኪሎ ይለካል፦ 22፣ 24፣ 26። ጠበቅ ሲል ኳሷ ለእጅ ትታዘዛለች፣ ጉልበቱ ግን ከመቺው ክንድ ነው። ላላ ሲል ትወነጨፋለች፣ መታዘዟ ይቀንሳል። ለሁሉም የሚሆን ልክ የለም። ልኩን የሚያውቀው ባለ ራኬቱ ነው፤ ያውም ብዙ ኳስ መረብ ላይ ካራገፈ በኋላ።

ልኩን የሚያውቅ ሰው አሳየን ብትሉኝ የእስራኤሉን ቴኒስ ተጫዋች ዱዲ ሴላን እጠራለሁ። በ1985 የተወለደው በቂርያት ሽሞና፣ በሊባኖስ ድንበር አጠገብ፣ ሮኬት በማይታክታት ከተማ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ነው። በገበያ መሐል ብታዩት አጭር አትሉትም፤ በዘመኑ የወንዶች ቴኒስ ግን ከጫካ መሐል እንደበቀለ ቁጥቋጦ ነበር። ረጅሙ ሰው ሰርቪስ፣ ማለት ጨዋታ የምትከፍተውን ኳስ፣ ሲመታ ኳሷ ከሰገነት እንደተወረወረች ትወርዳለች፤ መሐሉ ላይ ከፍታው 91 ሴንቲ ሜትር የሆነው መረብ ብዙም አያግዳትም። ለሴላ ያ በር ዝግ ነው። ታዲያ ምን አደረገ? በአንድ እጁ የሚመታውን ባክሃንድ (የእጁን ጀርባ ወደ ኳሷ አዙሮ የሚመታውን) አሾለ፣ ኳሷን ገና ስትነሳ ተቀብሎ አቅጣጫዋን ማስቀየርን ተማረ፣ የቀረውን ለእግሮቹ ተወው። ቁመት ሊያበጅ አልሞከረም።

በ2007 እዚሁ እስራኤል፣ ራማት ሃሻሮን ላይ፣ አገሮች በቡድን በሚጋጠሙበት በዴቪስ ካፕ ከቺሊው ፈርናንዶ ጎንዛሌዝ ጋር ሲጫወት አየሁት። ጎንዛሌዝ በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ ለፍጻሜ የደረሰ፣ ቀኝ ክንዱ እንደ መዶሻ የሆነ ሰው ነው። ጨዋታው እስከ አምስተኛውና መጨረሻው ክፍል ሄደ፤ ሴላም አሸነፈ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሽማግሌ ወደ መጨረሻው ማየት አልችልም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ውጤቱን እኔን ይጠይቀኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እስራኤል ቴል አቪቭ ላይ ሩሲያን አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስም ሴላ ከቡድኑ ነበረ። በዚያው በ2009 በዊምብልደን አራተኛው ዙር ደርሶ በጆኮቪች ተሸነፈ፤ በዓለም ደረጃም 29ኛ ሆነ።

አሁን የማትወዱትን ልንገራችሁ። ይህ ሰው ኤቲፒ በሚባለው በወንዶች ቴኒስ ዋናው የውድድር እርከን አንድም ጊዜ ዋንጫ አላነሳም። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በ2008 ቤይጂንግ ላይ፣ በ2014 አትላንታ ላይ። ሁለቱንም ተሸነፈ። ዋንጫ ያነሣው በቻሌንጀር ነው፤ ከ20 በላይ። ቻሌንጀር ማለት ከዋናው በታች ያለው እርከን ነው፤ ተመልካቹ ጥቂት፣ ሽልማቱ አነስተኛ ነው። የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ የአሠልጣኙና (የእኔ ቢጤውን አትርሱ) የክር ወጣሪው ሒሳብ ግን አይቀንስም። የቴኒስ ነጥብ ደግሞ እንደ ወተት ነው፤ 52 ሳምንት ሲሞላው ይወገዳል፣ እንደገና ማለብ ነው። የቴኒስ ተጫዋች ኑሮ በአብዛኛው ይህ ነው። ልጃችሁን ለዊምብልደን የምታዘጋጁ እናቶች፣ ይህን ሒሳብ አስቀድማችሁ ሥሩ።

ሴላ ግን በዚህ የሚያፍር አይመስልም ነበር። በቦጎታ ቁመቱ 2 ሜትር ከ11 ከሆነው ካርሎቪች ጋር ተጫውቶ ሲያበቃ ወንበር አምጥቶ መረቡ አጠገብ አቆመና ላዩ ላይ ወጥቶ አቀፈው። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ስቄ አላበቃሁም፤ አጭር ነህ የሚለውን ነገር እሱ ቀድሞ ከተናገረው ሌላው ሰው ምን ይላል? በ2017 ደግሞ በዊምብልደን 2 ሜትር ከ8 የሆነውን አይስነርን በአምስት ክፍል ጣለው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በቻይና ሼንዘን ለሩብ ፍጻሜ ደርሶ ከዶልጎፖሎቭ ጋር ሲጫወት ቀኑ መሸበት። የዮም ኪፑር ዋዜማ ነበር፤ አያቶቻችን አስተስርዮ የሚሉት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጀምር ጾም። ሦስተኛው ክፍል እንደተጀመረ ይቅርታ ጠይቆ ከሜዳ ወጣ። የግማሽ ፍጻሜው ገንዘብም ነጥብም ቀረበት። ስለ ጽድቁ ልሰብካችሁ አይደለም፤ እኔ ራሴ በዚያ ረገድ ብዙ የምመካበት የለኝም። ያስገረመኝ ውሳኔው ሜዳ ላይ እንዳልተወሰነ ማስታወቁ ነው። ፀሐይ እየጠለቀች ሳለ ስለ ራሱ ማሰብ የሚጀምር ሰው አይወጣም፤ ይጨርሳል፣ ከዚያ ይጸጸታል።

የእኔንም ጥፋት ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጎበዝ ልጅ 23 ኪሎ አድርግልኝ አለኝ። ክንዱን አየሁና ይህ ጉልበት 25 ይችላል አልኩ፤ ሳልነግረው በ25 ወጠርኩ። አዋቂ መሆኔ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኳሱ እያጠረ መረብ ውስጥ ገባ። ልጁ ጥፋቱን ከእጁ ቆጠረ፣ አመታቱን ቀየረ፣ ክንዱ ታመመ። ነገሩን ስነግረው አልተቆጣም፤ ራኬቱን ይዞ ሄደና ሌላ ወጣሪ ዘንድ ማሠራት ጀመረ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል። ያ አለቃዬ ልክህን እወቅ ሲለኝ ያደረገብኝን እኔም በዚያ ልጅ ላይ አደረግኩ፤ ሳልጠይቀው ለካሁት።

ባለፈው ሐሙስ የ14 ዓመት ልጅ መጣ፤ እናቱ የአርማጭሆ ሰው ናት፣ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ስንት ኪሎ ላድርገው ብለው «የጆኮቪችን ያህል» አለኝ። ሁለት አሮጌ ራኬቶች አውጥቼ አንዱን በ22፣ አንዱን በ25 ወጠርኩለት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። እናቱ ሒሳቡን ጠየቀችኝ፤ ልጁ ሲመልሳቸው እንነጋገራለን አልኳት። እሑድ ይመጣሉ።