አኒሶሜትሮፒያን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ለልጄ መነጽር ሲያዝ ወረቀቱ ላይ «አኒሶሜትሮፒያ» ብሎ ጻፈ። ልጄ ሸውራራ ነው ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ? አማርኛ የለውም?

መልስ፦ አይደለም፣ ሸውራራ ማለት አይደለም። ሸውራራነት አንዱ ዓይን ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ሲያይ ነው። ይኼኛው ቃል የሚያወራው ስለ አቅጣጫ ሳይሆን ስለ ልክ ነው። እስቲ ወረቀቱን እንደገና ይዩት። ለቀኝ ዓይን −1.00፣ ለግራ −3.50 ዓይነት ነገር ያገኛሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ፣ ሐኪሞች አኒሶሜትሮፒያ ይሉታል።

ቃሉ የተሠራው ከግሪክኛ ነው። ሲፈታ አራት ቁራጭ ይወጣዋል። «አን» አፍራሽ ነው፤ ደም ማነስን አኒሚያ ያሰኘውም እሱ ነው። «ኢሶስ» እኩል ማለት ነው። «ሜትሮን» ልክ፣ መለኪያ፤ በየቀኑ የምንጠራው ሜትር የመጣው ከዚሁ ነው። «ኦፕስ» ደግሞ ዓይን። ሲገጣጠም «የዓይን ልክ እኩል አለመሆን» ይሆናል።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ «የዓይን አለመመጣጠን» ሲባል እሰማለሁ። አልወደውም። ስሰማው ፊት ላይ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ ዓይን ነው የሚታየኝ። ግሪኩ ተጠንቅቆ ያስገባው «ሜትሮን» የት ገባ? «የእይታ መበላለጥ»ም አያስኬድም። ልጅዎ መነጽሩን ሲያደርግ ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል ጥርት አድርገው ሊያዩ ይችላሉ። ያኔም የሚበላለጠው የሌንሱ ቁጥር ነው።

ስለዚህ «የዓይን ልክ መበላለጥ» እላለሁ። እዚህ ላይ አማርኛ ያኮራኛል። ግሪኩ «እኩል» ብሎ ጀምሮ በአፍራሽ ማፍረስ ግድ ሆኖበታል። አማርኛ ግን «በለጠ»ን ይዞ «ለ»ን ደገም ያደርግና «ተበላለጠ» ይላል። አንዱ ከሌላው ጋር መለካቱም፣ እኩል አለመውጣታቸውም በአንድ ግስ አለቀ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሰነፍ ዓይን» የሚባለው ሌላ ነው፤ የሕክምና ስሙ አምብሊዮፒያ ነው። ግን ዝምድና አላቸው። በልጅነት የዓይን ልክ ሲበላለጥና መነጽር ሳይደረግ ሲቀር፣ አንጎል ጥርት ባለው ዓይን ብቻ መጠቀም ይለምዳል። ያኛው እየደከመ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ለልጅዎ መነጽሩን በጊዜ ያዘዘለት።